ለሌሊት ጥበቃ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ፓውዛ እንዴት ይሠራል?

በቆሎ እሸት ከያዘ በኋላ ማሳ ዳር ማደር ግድ ነው። ዝንጀሮው በቀን ነው የሚመጣው፤ የዱር አሳማና ጃርት ግን ጨለማውን ጠብቀው ይገባሉ። ጣና ዳር ላለ ገበሬ ጉማሬም ይጨመርበታል፤ ከብት ያለው ደግሞ የጅቡ ጣጣ አለበት። ማማ ላይ ለሚያድር ጠባቂ ተራ የእጅ ባትሪ ብዙም አይረዳውም፤ ብርሃኑ የማሳውን ወዲያኛ ጫፍ ሳይነካ ያልቃል። የሚያስፈልገው በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ባትሪው በትከሻ የሚንጠለጠል ፓውዛ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥም አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ስለሆነ ባትሪው ሲሞት መብራቱም አብሮ ይጣላል። ራሳችሁ ስትሠሩት የተበላሸው ብቻ ይቀየራል።

ይህ ማባረሪያ ነው፣ ማደኛ አይደለም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ክልክል ነው።

መብራቱ

ምርጫው ሃሎጂን ወይም ኤልኢዲ ነው። ሃሎጂን የምንለው የመኪናውን የፊት ወይም የጭጋግ መብራት ነው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ከነመስታወቱ ፈልጉ። ባለ 55 ዋቱ ከ12 ቮልት ባትሪ 4.6 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ግን 1.5 አምፔር ይበቃዋል፤ በዚያው ባትሪ ሦስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። በእግሩ እየዞረ ለሚጠብቅ ሰው ኤልኢዲ ይሁን ባይ ነኝ። ሃሎጂን ማማው ሥር ትልቅ ባትሪ ላስቀመጠ ይሁንለት።

ኤልኢዲ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። መዳፍ የምታህል መብራት ላይ «200 ዋት» ብለው ይጽፉባታል። ባለሱቁን ባትሪና ቴስተር ጠይቁት፤ አብርታችሁ አምፔሩን ለኩና በቮልቱ አባዙት። በ12 ቮልት 1.5 አምፔር ካነበበ 18 ዋት ነው፤ ሌላው ወሬ ነው። ማስለካት የማይፈልግ ባለሱቅ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የጨረሩ ነገር ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም። ቀጭን ሆኖ ሩቅ የሚሄድ ጨረር በረት ለሚጠብቅ ሰው ልክ ነው፤ ጅብ ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ከሩቅ ያብለጨልጭበታል። የበግና የላም ዓይንም እንደዚያው ነው። አሳማ ግን ይህ ሽፋን የለውም። የሚያበራ ዓይን እየፈለገ ማሳውን በቀጭን ጨረር የሚያስስ ሰው፣ አሳማው ፊት ለፊቱ ቆሞ በቆሎውን ሲቆረጥም አልፎት ይሄዳል። ለበቆሎ ጠባቂ ሰፋ ብሎ የሚበተን ጨረር ይሻላል፤ የሚፈለገው የሰውነቱ ቅርጽና የአገዳው መንቀጥቀጥ ነውና።

ባትሪው

ለትከሻ የሚሆነው መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት፣ የታሸገ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ከምናምን ነው። የእርሳስ ባትሪ በየሌሊቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ከ7ቱ የእናንተ ብላችሁ የምትቆጥሩት 3.5 አምፔር ሰዓቱን ነው። ያ ለ18 ዋት ኤልኢዲ ያለማቋረጥ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ለ55 ዋት ሃሎጂን ግን ቢበዛ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ጠባቂ የሚያበራው እየቆራረጠ ስለሆነ ኤልኢዲው ሌሊቱን ይወጣዋል። አሲዱ ሊፈስ የሚችል የሞተር ሳይክል ባትሪ በትከሻ አትሸከሙ።

ገመዱ

አብዛኛው ሰው ገንዘቡን መብራቱ ላይ ያፈስና ገመዱን ቤት ውስጥ ካገኘው ይቀጥላል። እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። በ220 ቮልት የለመደ እጅ 12 ቮልት ላይ ይታለላል። የቤት መብራት ላይ አንድ ቮልት መንገድ ላይ ቢጠፋ ማንም ልብ አይለውም፤ እዚህ ግን ያቺ አንድ ቮልት ካላችሁ ሁሉ አንድ አሥራ ሁለተኛው ናት።

ባትሪውን ማማው ሥር አስቀምጣችሁ አምስት ሜትር ገመድ ወደ ላይ ሳባችሁ እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 10 ሜትር ሆኖ ይቆጠራል። ገመዱ ለቤት አምፖል የሚንጠለጠለው ቀጭኑ ባለ 0.75 (ውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር ነው) ከሆነ፣ ባለ 55 ዋቱ ሃሎጂን በሚስበው 4.6 አምፔር አንድ ቮልት ያህል ሙቀት ሆኖ ገመዱ ውስጥ ይቀራል። የሃሎጂን ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ ፈጥኖ ነው የሚወርደው፤ ቮልቱ 8 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ ሩብ ያህል ይጎድላል። በባለ 2.5 ሽቦ ቢሆን በዚያው ርዝመት የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነበር። እንግዲህ «መብራቱ ደካማ ነው» ብሎ ባለ 100 ዋት አምፖል የሚገዛ ሰው ነገሩን ያብሰዋል፤ 100 ዋት ከ8 አምፔር በላይ ስለሚስብ በዚያው ቀጭን ገመድ የሚጠፋው ወደ ሁለት ቮልት ይጠጋል፣ ገመዱም ይሞቃል። አምፖሉን ሳይቀይር ገመዱን ቢያወፍር ኖሮ ብርሃንም ባትሪም ያተርፍ ነበር።

ኤልኢዲ በዚህ በኩል ይቅር ባይ ነው፤ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ባለ 1.5 ገመድ ይበቃዋል። ለሃሎጂን ከባለ 2.5 አትውረዱ። ሁለቱም ብዙ ቀጫጭን ክር ያላቸው ተጣጣፊ ይሁኑ፤ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ባለ አንድ ወፍራም ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበራል። ስትገዙ የአንዱን ክር ጫፍ በቢላ ፋቁት። ከውስጥ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደ ንጹሕ መዳብ አያሳልፍም፣ ቶሎም ይበጠሳል። ተዉት።

ፊውዙ

«መብራቱ ትንሽ ስለሆነ ፊውዝ አያስፈልገውም» ሲባል ሰምቻለሁ። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ መብራቱን አይደለም። ያቺ የዩፒኤስ ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቯ ቢነካካ ለቅጽበት ከ100 አምፔር በላይ ልትለቅ ትችላለች፤ የገመዱ ልባስ ቀልጦ ጋቢያችሁ ላይ ይነዳል፣ ማማውም ሣር ክዳን ነው። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። መብራቱ አጠገብ ካስገባችሁት ከባትሪው እስከዚያ ያለው ገመድ ሁሉ ጠባቂ የለውም።

ለ18 ዋት ኤልኢዲ ባለ 3 አምፔር፣ ለ55 ዋት ሃሎጂን ባለ 7.5 ወይም ባለ 10 ይበቃል። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሽቦ ክር ጠምጥሞ መቀጠል የለመድነው ነገር ነው፤ እዚህ አይሆንም። ሁለት ሦስት መለዋወጫ ባትሪው ጎን በናስትሮ ለጥፋችሁ ያዙ።

ማገጣጠም

ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያ ወደ መብራቱ። ኔጌቲቩ በቀጥታ ይመለሳል። ባትሪው የሚገናኘው መጨረሻ ላይ ነው። ማብሪያው ሲጫኑት የሚበራ፣ ሲለቁት የሚጠፋ ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ፤ በርቶ ተረስቶ የሚያድር መብራት አይኖርም። ሃሎጂን ከሆነ ማብሪያው ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል ይሁን። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል፤ ለሃሎጂን ለውጥ የለውም።

መገጣጠሚያዎቹን በስታኞ በይዱና በናስትሮ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፤ ዝናብ አለ። ገመዱን መብራቱ እጀታ ላይ አንድ ዙር አዙራችሁ እሰሩት፤ ሲጎተት የሚይዘው ቋጠሮው እንጂ ብየዳው እንዳይሆን። ባትሪው ባለበት ቦርሳ ውስጥ ቢላም ቁልፍም ሳንቲምም አይግባ።

የሃሎጂን አምፖል ብርጭቆውን በጣት አትንኩ፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ከሌላው በላይ ግሎ አምፖሉን ያበላሸዋል። በርቶ ከቆየ በኋላ ደግሞ ፊቱን ደፍታችሁ ጭድ ወይም ድርቆሽ ላይ አታስቀምጡት፤ እሳት ያስነሳል።

አልቆ ሲበራ ቴስተሩን ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ መብራቱ ላይ አድርጉ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ዳብሱ። የሚሞቀው እሱ ነው ጥፋተኛው።

ማሳው ላይ

ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቦታ በርቶ የሚያድር መብራት እንስሳው ቶሎ ይለምደዋል። የሐረር ጅቦች በመኪና መብራት ፊት ከሰው እጅ ሥጋ ይበላሉ፤ ብርሃን ብቻውን አያስፈራቸውም። ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ድንገት ማብራት፣ ቦታ መቀያየር፣ ከብርሃኑ ጋር ጩኸት ወይም ቆርቆሮ ማስከተል ነው የሚሠራው። ስታዳምጡ ቀይ ፕላስቲክ መስታወቱ ላይ ብታስሩ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው አጥቢ እንስሳ ቀይ ብርሃንን በደንብ አያየውም፣ የእናንተም ዓይን ጨለማውን እንደለመደ ይቆያል። ነጭ ብርሃን ያየ ዓይን ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊፈጅበት ይችላል። ጭጋግ ካለ መብራቱን ከዓይናችሁ አርቃችሁ ወገብ ላይ ያዙት፣ አለዚያ የሚታያችሁ ጭጋጉ ብቻ ነው። ጎረቤት ማሳ ላይ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ላይና መንገድ ላይ አታብሩ።

መብራት ኃይል ከሌለ ባለ 20 ዋት የፀሐይ ፓነል ይበቃል፤ ባትሪው ጋ ግን ያለ ቻርጅ መቆጣጠሪያ በቀጥታ አይገናኝም። ነሐሴ ላይ ደመናው ስለሚከብድ አንድ ቀን ላይሞላው ይችላል፤ ሁለት ባትሪ ይዞ ማፈራረቅ ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ባትሪውን አሳርፋችሁ ለኩት። የሞላ 12.7 ቮልት ያህል ያነባል፤ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሹ አልቋልና በዚያው ቀን ሙሉት። አዝመራው ከገባ በኋላም ሞልታችሁ አስቀምጡትና በየሁለት ወሩ ዳግም ሙሉት፤ ባዶውን የከረመ የእርሳስ ባትሪ ለቀጣዩ ክረምት አይደርስም።