ከውጭ የመጣ የሲቢዲ ዘይት ይዘው ሲመጡ ምን እንጠይቅ?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ ፋርማሲ አንዲት እናት ትንሽ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው «ዶክተር፣ እህቴ ከአሜሪካ ልካልኝ ነው፤ ለሚጥለው ልጄ ስንት ጠብታ ልስጠው?» ቢሉ፣ መቆጣት አይጠቅምም። ሲቢዲ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ካናቢስ በአገራችን ክልክል መሆኑን ንገሯቸው። ከተቆጣችሁ ግን በሌላ ጊዜ ደብቀው ነው የሚሰጡት።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «30 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ሚሊግራም» ካለ በ1 ሚሊ ውስጥ 33 ሚሊግራም ገደማ አለ ማለት ነው። ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች በአሜሪካ በ2018 የተፈቀደው የሲቢዲ መድኃኒት የሚጀመረው በቀን በኪሎ 5 ሚሊግራም ሆኖ፣ ለሁለት ተከፍሎ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 100 ሚሊግራም ይሆናል፤ ጠርሙሱ በ10 ቀን ያልቃል። ስለዚህ አምስት ስድስት ጠብታ ከዚያ መጠን አጠገብም አይደርስም። ትልቁ አደጋ «ተሻለው» ተብሎ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ነው፤ ያኔ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል።

«ፉል ስፔክትረም» የሚል ካለ የሚያሰክረው የካናቢስ ንጥረ ነገር ቲኤችሲም አለበት። ቲኤችሲው 0.3 በመቶ ቢሆን እንኳ በ30 ሚሊ ውስጥ ወደ 85 ሚሊግራም ይጠጋል።

የቲኤችሲና የሲቢዲ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን አናንዳማይድን የመሰሉ የራሱን ካናቢኖይዶች ያመርታል። መልእክት ተቀባዩ ነርቭ እነዚህን ወደ ኋላ፣ ወደ ላኪው ይለቃል፤ ላኪው ጫፍ ላይ ባለው ሲቢ-1 ሪሴፕተር (መልእክት መቀበያ) ላይ ሲያርፉ ላኪው ይቀዘቅዛል። ቲኤችሲ እዚያው ሪሴፕተር ላይ ገብቶ ከመጠን በላይ ይቆያል። ሲቢ-1 በማስታወሻና በሚዛን ክፍሎች ስለሚበዛ ሰውየው ይረሳል፣ ይንገዳገዳል። ሲቢዲ ግን ሲቢ-1ን እንዲህ አይቀሰቅስም፤ «አያሰክርም» የሚባለውም ለዚህ ነው። «ስለዚህ ጉዳት የለውም» የሚለው ግን አይከተልም፤ የሲቢዲ ጣጣ ጉበት ላይ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ሌላ ምን ይወስዳል?» ነው። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮኤት ከሆነ የጉበት ኤንዛይሞች ሊያሻቅቡ ይችላሉ፤ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ1፣ በ3 እና በ6 ወር ኤኤልቲና ኤኤስቲ የተባሉት የጉበት ምርመራዎች ይታዩ። የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ሲቢዲ ዋርፋሪኑን የሚያስወግደውን ኤንዛይም ስለሚያውክ ደሙ ሊቀጥን ይችላል፤ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ቶሎ ይለካ፣ ድድ መድማትና የጥቁር ሰገራ ምልክት ይነገረው። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ሲቢዲውን ጠርጎ ያወጣል።

ምግብም ይጠየቅ። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ሲቢዲ እስከ 4 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ የወሰደ ሰው ፋሲካ ላይ ከዶሮ ወጥ ጋር ያንኑ መጠን ቢወስድ ሊያንገላጅጀው ይችላል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይውሰድ፤ ወይ ከምግብ ጋር፣ ወይ ያለ ምግብ።

ሕፃን በስህተት ቲኤችሲ ያለበትን ከጠጣ ምልክቱ ከ30 ደቂቃ እስከ ሰዓታት ሊዘገይ ስለሚችል «ደህና ነው» ተብሎ አይተኛ። በአዋቂ ላይ እስትንፋስ እምብዛም አያቆምም፤ በትንሽ ልጅ ላይ ግን ሊያደክመው ይችላል። የሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶችን የሚቀለብሰው ናሎክሶን የቲኤችሲን ጉዳት አይቀለብስም። አታስመልሱት፣ ወተትም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኙትና 907 ደውሉ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ።