ኔት በሌለበት ክፍል ሲሙሌሽን ለማሠራት

የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን፣ ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚሠራ ሙከራ) ላሳይ ስትሉ ልክ ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ኔትወርክ ድርግም የሚልባችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። ፌት (PhET) የሚባሉት የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽኖች በነፃ ይወርዳሉ። ኔት ባለበት ቦታ የምትፈልጉትን ክፈቱና የማውረጃ ምልክቷን ንኩ። የምታገኙት አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ ነው። በፍላሽ ወደ ላብ ኮምፒውተሮቹ ገልብጡት። በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይከፈታል። ምስሉም ስሌቱም እዚያው ፋይል ውስጥ ስለታጨቀ ኔት አይጠይቅም፤ የሚጫን ፕሮግራምም የለም።

ተማሪዎቹ ማውዝ ከመንካታቸው በፊት ግን ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ዑደት ሲሙሌሽን ላይ፣ ሁለት አምፖሎች በተከታታይ ሲገናኙ ብርሃናቸው ምን ይሆናል? አንዱ ሲነቀልስ? እንዲሁ ከተለቀቁ ሾርት አድርገው ባትሪውን በእሳት ሲያያይዙ ነው የሚውሉት (እሱም ቢሆን ትንሽ ያስተምራል)።

እውነተኛ ባትሪና አምፖል ካላችሁ መጀመሪያ በእሱ አሠሩ፤ ሲሙሌሽን ላይ ሽቦ አይላላም። ጃቫ የሚጠይቁትን የድሮዎቹን ደግሞ ተዋቸው፣ ካወረዳችኋቸው በኋላ በብራውዘር አይከፈቱም።