ልጅ ካሰብሽ ከጨውሽ ጀምሪ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ክትትል ለሚመጡ እናቶች ስለ ታይሮይድ፣ አንገት ላይ ስላለችው ሆርሞን የምታመርት ዕጢ ሳነሳ ብዙዎቹ አንገታቸውን ይዳብሳሉ። «እኔ እኮ እንቅርት የለኝም ሲስተር» ይሉኛል። ዕጢው ግን ሳያብጥም ሊደክም ይችላል። ምልክቱ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት ነው። እርግዝናም ራሱ ያደክማል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም።

የሚያስቸኩለው ይሄ ነው። የጽንሱ ታይሮይድ ሆርሞን ማምረት የሚጀምረው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በደንብ ማምረት የሚችለው ደግሞ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ። እስከዚያ የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። የአእምሮው ሴሎች ወደየቦታቸው የሚሄዱት፣ እርስ በርስ የሚገናኙት በዚህ ሆርሞን እየተመሩ ነው። ክፉኛ ካነሰ ልጁ መስማትና መናገር ሊያቅተው፣ አካሄዱ ሊበላሽ፣ አእምሮው ሊዘገይ ይችላል። በመጠኑ ሲያንስ ደግሞ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ፊደል ሲቆጥር ነው የሚታወቀው።

እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ሰው ክትትል የሚጀምረው ሆድ ገፋ ሲል ነው። ያኔ የመጀመሪያው ሥራ አልፏል። ስለዚህ የምነግርሽን ሳታረግዢ ጀምሪው።

መጀመሪያ ጨው። ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። የደጋው አፈር ደግሞ በጎርፍ ታጥቦ አዮዲኑ አልቋል፤ በላዩ የበቀለው እህልም የለውም። ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፤ ሌላ ጊዜ 150 ይበቃታል። ድሮ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጣ፣ ግን ገበያ ላይ የምታገኚው ሁሉ እኩል አይደለም። አሞሌውንና በጣሳ የሚሰፈረውን ተይው። የታሸገውን፣ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። አትጠቢው። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው።

ማንም የማያስበው ቀዳዳ ሽሮና በርበሬ ነው። ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት አብሮት የሚገባው ጨው የትኛው ነው? አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ፣ ደቃቁም ሳይሆን ድፍኑ። ቤትሽ የታሸገ ጨው እያለ ወጥሽ የሚጣፍጠው በዚያኛው ነው። እኔ ሽሮዬን ያለ ጨው አስፈጫለሁ፤ ጨው የሚገባው ወጡ ሲሠራ ነው። አማቴ እስከዛሬ አልዋጠላትም።

የጨውሽን ነገር ከተጠራጠርሽ ጤና ጣቢያ ጠይቂ። መመርመሪያ ጠብታ ካለ ጨውሽ ላይ ጠብ ይደረጋል። ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከተለወጠ አዮዲን አለው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ የለውም። በይ እንግዲህ ጨው አብዢ አላልኩም! በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አትለፊ፤ ዓይነቱን ቀይሪ ነው ያልኩት። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን መጠጣትም በጭራሽ አይሞከርም። ከመጠን ያለፈ አዮዲን የጽንሱን ዕጢ ያዳክማል።

ቀጥሎ ምርመራ። እንቅርት ካለሽ፣ ቤተሰብሽ ውስጥ የታይሮይድ ሕመም ካለ፣ አንገትሽ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት፣ በኢንሱሊን የምትታከሚ የስኳር ሕመምተኛ ከሆንሽ ወይም ውርጃ ከደጋገመሽ ታይሮይድሽ በደንብ መሥራቱን የሚያሳየውን፣ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቂ። ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ የለም፤ ሪፈር አጽፊ።

ለደከመ ታይሮይድ የሚሰጠውን ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን ጀምረሽ ከሆነ ይሄን ክፍል ደግመሽ አንብቢው። «ነፍሰ ጡር ኪኒን አትውሰድ» ለሚልሽ ጎረቤት ጆሮ አትስጪ። መድኃኒቱ ሰውነትሽ የሚሠራውን ሆርሞን ነው የሚተካልሽ። እንዲያውም ስታረግዢ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር አለበት። ስለዚህ ሐኪምሽን አስቀድመሽ «ወር አበባዬ የቀረ ዕለት ምን ላድርግ?» በይው። አንዳንድ ሐኪሞች በሳምንት 7 የነበረውን 9 ኪኒን አድርጊው ይላሉ። ከዚያ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ደምሽ ይታያል። የሚያስቸግርሽ ሆርሞኑ በዝቶ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ራስሽ አትቀይሪ፣ አታቋርጪም።

አዋዋጡም ወሳኝ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠብቅ። የደም ማነስ ኪኒን ደግሞ ከዚህ ጋር አይስማማም፤ 4 ሰዓት አራርቂያቸው። ታይሮይዱን ጠዋት 12 ሰዓት ከዋጥሽ የደም ማነሱን ከምሳ በኋላ አድርጊው። ግን እንዳትተይው፤ ደም ማነስ ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ጠዋት ካልተመቸሽ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ስትተኚ መዋጥም ይቻላል፤ ለጿሚዋም ይሄ ይቀላል።

ልጁ ከተወለደ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ የምትወልጂ ከሆነ የልጁ ታይሮይድ መሥራቱን ለማየት ተረከዙን ወጋ አድርገው ደም ይወስዳሉ። ድጋሚ ኑ ብለው ከደወሉ «ልጄ ደህና ነው» ብለሽ አትቅሪ፤ ታይሮይዳቸው የማይሠራ ሕፃናት ብዙዎቹ ሲወለዱ ምንም ምልክት የላቸውም። አገር ቤት ከሆንሽ ምርመራው እንዳለ ጠይቂ። ቢጫነቱ አልለቅ ካለ፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ መጥባት ከደከመው፣ ለቅሶው ከጎረነነ፣ ሆዱ ከደረቀ ቶሎ ውሰጂው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከተጀመረ አብዛኞቹ እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። ሌቮታይሮክሲን ኪኒኑ ተፈጭቶ በትንሽ የጡት ወተት በማንኪያ ይሰጣል። ጡጦ ውስጥ አትጨምሪው፤ ካልጨረሰው ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም።