የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ግንኙነት ለማጥናት የሚያስብ ጀማሪ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ሆኖ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ወጣት ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ፍቅርና አብሮ መኖር ለማጥናት ቢነሣ፣ ያነሣው ጥያቄ ሳይንሳዊ ክብደት ያለው ነው። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን በቀላል እስራት ስለሚያስቀጣ፣ በሌላ አገር የጥናቱን ውጤት ብቻ የሚያበላሽ ስህተት እዚህ የሰው ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ተሳታፊን ስለማግኘት እንጂ ስለመጠበቅ አስቀድሞ አለማሰብ ነው። ብዙዎች ቶሎ የሚመርጡት አንዱ ተሳታፊ ሌላውን እየጠቆመ የሚሄድበትን የናሙና አወሳሰድ ነው፤ ይህ ዘዴ ግን ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ማን ማንን እንደሚያውቅ የሚያሳይ ሰንሰለት በአጥኚው እጅ ያስቀምጣል። «የ27 ዓመት ወንድ፣ ነርስ፣ ሄርማታ የሚኖር፣ ከጓደኛው ጋር ሦስት ዓመት የቆየ» የሚል አንድ መስመር ስም ባይኖረውም የሥራ ባልደረቦቹ ወዲያው ይለዩታል። ስለዚህ ዕድሜው «ከ25 እስከ 34» ተብሎ በጥቅል ይጻፍ፣ ሥራውም እንዲሁ፤ ሰፈሩ ግን ጨርሶ አይጻፍ። በፈቃደኝነት ቅጽ ላይ ማስፈረምም አደጋ አለው፤ ፊርማው ራሱ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው የቃል ፈቃድን እንዲቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። «ምስጢርዎ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው» ብሎ መጻፍ ደግሞ፣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት መረጃውን ቢጠይቅ ምን እንደሚደረግ ሳይታወቅ የሚገባ ቃል ነው። ቃለ መጠይቁን በፍላሽ ይዞ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሄዶ ማስተየብ በሌላ ርዕስ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ፋይሉ በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ሊቀር ይችላል።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሎድ ሃምፍሬስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በመናፈሻ መጸዳጃ ቤቶች የሚገናኙ ወንዶችን ሲያጠና የመኪናቸውን ታርጋ መዝግቦ አድራሻቸውን አፈላለገ፣ ቆይቶም መልኩን ለውጦ የጤና ጥናት የሚያካሂድ መስሎ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 ከታተመ ወዲህ የምርምር ሥነ ምግባር በሚያስተምሩ ክፍሎች ውስጥ ሲያከራክር ኖሯል፤ መዝገቡ በሌላ እጅ ቢገባ ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ትዳርና ሥራ ምን ይሆን ነበር?

በእኔ እምነት ጀማሪ አጥኚ በከተማው ውስጥ ተሳታፊ መልምሎ ይህን ጥናት መጀመር የለበትም። በሌሎች አገሮች ተሰብስበው ለተመራማሪዎች ክፍት የሆኑ መረጃዎችን መተንተን፣ የታተሙ ጥናቶችን በሥርዓት መገምገም፣ ወይም የምክር አገልግሎት ባለሙያዎችን አመለካከት ስም በማይጠይቅ መጠይቅ ማጥናት ማንንም አያጋልጥም።

ሁለተኛው ስህተት ርዕሱን እንደ በሽታ ጥናት መቅረጽ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤቭሊን ሁከር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመችው ጥናት 30 ግብረ ሰዶማውያን ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በሥነ ልቦና ፈተና አነጻጽራ፣ ባለሙያዎቹ የማን ውጤት የማን እንደሆነ መለየት እንዳቃታቸው አሳየች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 ጉዳዩን ከበሽታ ዝርዝር አውጥተዋል፤ ይህን ሳያነብ መላምት የሚጽፍ ሰው መነሻው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተዘጋ ክርክር ይሆናል።

ከዚህ ተቃራኒ የሚመስለው ስህተትም አለ፤ እርሱም መከራን ብቻ ማየት ነው። ተመራማሪው ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው ያብራራው የአናሳዎች ውጥረት ሞዴል መገለልና መደበቅ በጤና ላይ የሚያደርሱትን ጫና በደንብ ያስረዳል፤ ግን ስለ ጥንዶቹ ስለራሳቸው ሁሉንም አይነግረንም። የጥንዶችን ግንኙነት የሚያጠኑት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ጥንዶች ሲጨቃጨቁ በቪዲዮ ተመልክተው፣ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ጭቅጭቁን ሲጀምሩ ከወንድና ሴት ጥንዶች ይልቅ ለስለስ ብለው እንደሚነጋገሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ግኝት የሚመጣው ስለ ጭቅጭቅ፣ ስለ ዕርቅ፣ ስለ ቤት ሥራ ክፍፍል ሲጠየቅ ነው። «ከሁለታችሁ ባሉ ማነው?» የሚል ጥያቄ ግን ከጠያቂው ግምት በቀር የሚያስረዳው ነገር የለም።

አንዱን ወገን ብቻ ጠይቆ ስለ «ጥንዶቹ» መደምደምም ይቅር። የሁለቱ መልስ የተሳሰረ ስለሆነ፣ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መልስ ቆጥሮ በተራ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና በሚለካ የስታቲስቲክስ ስሌት) መተንተን ስሌቱን ያሳስታል። የጥንድ መረጃ ትንተናን በጅማ ባሉ ባልና ሚስቶች ላይ መለማመድ ይቻላል፤ ዘዴው አንድ ነው።

የአሜሪካን ነጭ፣ የተማሩና ማንነታቸውን በግልጽ የሚናገሩ ጥንዶች ውጤት ወስዶ «የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች እንዲህ ናቸው» ማለትም ናሙናው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው።

በመጨረሻም ርዕሱን ከአማካሪና ከኮሚቴ ሸሽጎ «የጥንዶች ግንኙነት» በሚል ጥቅል ስም ማስፈቀድ አይገባም። ፈቃዱ ያልሸፈነው መረጃ ለኅትመት አይበቃም፤ ችግር በመጣ ጊዜም ለተሳታፊው የሚቆም ተቋም አይኖርም። አማካሪው ርዕሱን ካልተቀበለው፣ ከላይ ካነሣኋቸው ማንንም ከማያጋልጡ አማራጮች አንዱን ይዞ ተመልሶ ማነጋገር ይቻላል።