ቦውሊንግ ኳስ ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ለኩ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ በባጃጅ ቶርኖ ቤታችን ድረስ መጣ፣ ያለነው ጣፎ ነው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ቦርሳውን ሲከፍተው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ የቦውሊንግ ኳስ። አጎቱ ከአሜሪካ ነው ያመጣለት፣ 23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ወደ 7 ኪሎ የሚጠጋውን ለዚች ኳስ ሰውቶ ማለት ነው፣ ስንት ጫማና ልብስ ይገባበት ነበር። ልጁ አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ስሩ ላይ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። «ብሮ ቀዳዳውን ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ» አለኝ። ጣቱን አስገብቶ ሳየው ቀዳዳው ጭራሽ ሰፊ ነው! የሚያሰቃየው በአውራ ጣቱ ቀዳዳና በሁለቱ ጣቶቹ (መሀልና ቀለበት) ቀዳዳዎች መሀል ያለው ርቀት ነው፣ ወደ 8 ሚሊ ይረዝምበታል። ኳሱ የተበሳው ለሌላ ሰው እጅ ነበር። እሺ ብዬ ባሰፋለት ኖሮ ይብስበት ነበር።

ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው፣ ምክንያቱም እሱ የመጀመሪያው አይደለም። እኔ ራሴ ቦውሊንግ መጀመሪያ ያየሁት ላፍቶ ሞል ነው፣ ያኔ መደርደሪያው ላይ ያለው ኳስ ሁሉ በቀለም ብቻ የሚለያይ ይመስለኝ ነበር። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የኳሱ መጠን (ሳይዝ) መስሎኝ «ትልቅ እጅ አለኝ» ብዬ 16 አንስቼ ትከሻዬን ለሦስት ቀን ታመምኩ። ቁጥሩ ክብደት ነው ጓዶች፣ በፓውንድ። ኳሶቹ በሙሉ መጠናቸው ያው ነው፣ ዲያሜትራቸው 21.6 ሴንቲ አካባቢ፣ የሚለየው ውስጣቸው ነው። 16 የመጨረሻው የሚፈቀደው ክብደት ሲሆን 7.26 ኪሎ ይሆናል፣ 12 ደግሞ 5.4 ኪሎ ገደማ።

ስንት ልያዝ ለሚለው፣ የሰውነትህን ክብደት አንድ አስረኛ ያዝ የሚባል ነገር አለ፣ እኔ ብዙ አላምንበትም፣ 90 ኪሎ ሆኖ ትከሻው የማይረባ ሰው አለ። ቤት ውስጥ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉና እጃችሁን ዘርግታችሁ ከኋላ ወደፊት ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት፣ እሱ 11 ፓውንድ አካባቢ ነው። ትከሻችሁ ወደ ጎን ሳያጋድል 20 ጊዜ ከሄደ ከዛ በላይ መሞከር ትችላላችሁ። ለእጃችሁ የተበሳ ኳስ ደሞ ከኪራዩ ኳስ አንድ ሁለት ፓውንድ ቢከብድም አይሰማችሁም፣ ምክንያቱም ኪራዩን እንዳይወድቅ ጨምቃችሁ ነው የምትይዙት፣ የሚያደክመው ጭመቃው ነው። ሦስተኛው ጌም ላይ ኳሱ እየዘገየ ከሄደ ግን ከብዷችኋል፣ ኩራቱን ተዉት።

ከክብደቱ ቀጥሎ አወራወራችሁን እወቁ። ኳሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና ጓደኛችሁ በስልክ ስሎው ሞሽን ይቅረጻችሁ፣ ፕላስተሩ ስንቴ እንደሚዞር ቁጠሩ። በደቂቃ ሲሰላ ከ250 ዙር በታች የሚያዞር ሰው እርጋታ ያለው ወርዋሪ ነው፣ ከ400 በላይ የሚያዞር ደሞ እጁ አውሬ ነው፣ አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው ያለው። ፍጥነቱንም እዩት፣ ብዙ እያዞረ ቀስ ብሎ የሚወረውር ሰው ኳሱ ያለልክ ይታጠፍበታል፣ ትንሽ እያዞረ በኃይል የሚለቅ ደሞ ኳሱ ሳይታጠፍ ፒኖቹ (ተደርድረው የሚመቱት ጠርሙስ መሳዮቹ) ጋ ይደርሳል። ኳስ የሚመረጠው ይሄን ለማመጣጠን ነው እንጂ ዩትዩብ ላይ አሪፍ ሲታጠፍ ስላያችሁት አይደለም።

አሁን ስለ ላዩ ቆዳ። ሌይኑ (ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ) ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 18.29 ሜትር ነው፣ በተለመደው አቀባብ የመጀመሪያው 12 ሜትር አካባቢ ዘይት ይቀባል የመጨረሻው 6 ሜትር ደረቅ ነው። እኛ ሰፈር በክረምት ከጭቃው መንገድ ወጥቶ ኮብልስቶን ላይ የሚገባ ሚኒባስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭቃው ላይ መሪ ቢጠመዘዝም ይንሸራተታል፣ ድንጋዩን ሲነካ ግን ጎማው ይይዝና ጥምዝዝ ይላል። ኳሱም እንደዛ ነው። ጎማው ማለት የኳሱ ቆዳ ነው። ፕላስቲክ (ፖሊስተር የሚሉት) ያለቀ ጎማ ነው፣ ደረቁም ላይ ብዙ አይዝም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዩሬቴን ቀስ እያለ አስቀድሞ ይታጠፋል፣ የት እንደሚሄድ ይታወቃል። ሪአክቲቭ ሬዚን የሚባለው ደሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የመጣው ነው፣ ዘይቱን እየመጠጠ ዘይቱ ሲያልቅ ደረቁ ላይ ክፉኛ ይነክሳል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ሪአክቲቭ ይፈልጋል። ስህተቱ እዚ ጋ ነው፣ ዘይቱ በየቀኑ በስርአቱ የማይቀባ ሌይን ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ሪአክቲቩ ገና መሀል ሳይደርስ ይታጠፍና ግራ ቦይ ይገባል (ግራኝ ከሆናችሁ ቀኝ)፣ እናንተም እጃችሁን ትጠራጠራላችሁ። ለደረቅ ሌይን ፕላስቲክ ወይ ዩሬቴን ይበቃል። ለመጀመሪያ ኳስ እኔ ብትጠይቁኝ ፕላስቲክ ነው የምለው፣ ርካሽ ነው፣ ሁለተኛ ኳስ ስትገዙም ለስፔር (በመጀመሪያው ውርወራ ያልወደቁትን ፒኖች ለመጣል) ይሆናችኋል። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት መቀየርም ይቻላል፣ ቁጥር 500 ካሻሸው ሻካራ ሆኖ ቶሎ ይይዛል፣ 4000 ከሆነ ይለሰልስና ርቆ ሄዶ ነው የሚታጠፈው።

አሁን ዋናው፣ እጅ።

የኪራይ ኳስ ጣታችሁ እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ ይገባል፣ የራሳቸውን የሚያስበሱ ሰዎች ግን ብዙዎቹ መሀልና ቀለበት ጣታቸውን እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ከጥፍሩ ቀጥሎ ያለው እጥፋት ማለቴ ነው። እንደዛ ሲሆን አውራ ጣት ቀድሞ ይወጣና ጣቶቹ ኳሱን ያዞሩታል። ስፓን የሚባለው ከአውራ ጣቱ ቀዳዳ ጠርዝ እስከ ጣቶቹ ቀዳዳ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ስንለካ አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሌሎቹ ጣቶች ኳሱ ላይ ዘና ብለው ይተኛሉ፣ ሳይወጠሩ። አደራ ዘና ይበሉ፣ ሰው ሲለካ ሀኪም ቤት መርፌ እንደሚወጋ ሰው እጁን ይወጥራል። ለመሀል ጣትና ለቀለበት ጣት ለየብቻ ነው የሚለካው፣ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። በኪራዩ አይነት አያያዝ ከሆነ በመዳፍና በኳሱ መሀል እስኪሪብቶ ካለፈ ጥሩ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ የተለካ ጣት ከሰአት ከሚለካው ይቀጥናል፣ እኛ ጋ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚ እጅ ሞቅ ካለ በኋላ ኑ።

እጃችሁ ራሱ ይናገራል በነገራችን ላይ። አውራ ጣት ስሩ ላይ ከተላጠ ስፓኑ ረዝሟል ብላችሁ ጠርጥሩ። ኳሱን ጨምቃችሁ ካልያዛችሁት የሚያመልጥ ከሆነ ወይ ስፓኑ አጥሯል ወይ አውራ ጣቱ ሰፍቷል። ትክክለኛ ቀዳዳ ጣታችሁን ስታዞሩት ዙሪያውን ነካ ነካ ያደርጋል እንጂ አይጎትትም።

ፒች የሚባለው ነገር ደሞ ለቶርኖ ሰው ቀላል ነው። ቀዳዳው በቀጥታ ወደ ኳሱ መሀል ካነጣጠረ ዜሮ ነው፣ ኳሱን ከፑንታው (ከመብሻው) ስር 3 ሚሊ ወደ አንድ ጎን ካንሸራተታችሁት 3 ሚሊ ፒች ሆነ ማለት ነው። የአውራ ጣት ቀዳዳ ወደ መዳፍ ስር ካጋደለ ጣቱን ያዝ ያደርገዋል፣ ከመዳፍ ከራቀ ቶሎ ይለቀዋል። አውራ ጣቱ ግትር የሆነ ሰውና እንደ ጎማ የሚታጠፍ ሰው አንድ አይነት ፒች ሊበሳላቸው አይችልም።

ኳሱ ላይ ትንሽ ባለ ቀለም ነጥብ አለች፣ ስሟም ፒን ነው፣ ከሚወድቁት ፒኖች ጋ እንዳታምታቱት። ውስጥ ያለው ኮር (የኳሱ ከባድ እምብርት) ጫፉ የት እንዳለ ነው የምትነግራችሁ። ነጥቧ ከጣቶቹ ቀዳዳ በላይ ስትሆን ኳሱ ዘግይቶ ጠንከር ብሎ ይታጠፋል፣ ከታች ስትሆን ቀድሞና ለስለስ ብሎ። ወደ ዝርዝሩ ስንገባ ኳሱ ስትለቁት የሚዞርበትን አክሲስ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚ ደሞ ፕላስቲኩ ኳስ ይጠቅማል፣ ጠርጋችሁት አንዴ ስትወረውሩት ዘይቱ አንድ ቀለበት ይተዋል፣ ከቀለበቱ ሁሉም ቦታ እኩል የምትርቀዋ ነጥብ አክሲሳችሁ ናት። ፒኗ ከአክሲሱ 8.6 ሴንቲ አካባቢ ስትርቅ ኳሱ በየዙሩ አዲስ ደረቅ ቆዳ ያወጣል፣ በኃይል ይታጠፋል። አክሲሱ ላይ ብትሆን ወይ 17 ሴንቲ ብትርቅ ግን ብዙ አይታጠፍም። እርጋታ ያለው ወርዋሪ ወደ መጀመሪያው፣ እጀ አውሬው ወደ ሁለተኛው ጠጋ ይላል።

ብሳቱ ላይ ስንመጣ፣ በእጅ ትራፓኖ አትሞክሩት፣ እባካችሁ። ኳሱ በቀለበት ጥብቅ ብሎ የሚታሰርበት፣ ጠረጴዛው በሁለት አቅጣጫ በሚሊ የሚሄድ ሚሊንግ ማሽን ያስፈልጋል። ዙሩ ዝቅ ይበል፣ ፍርፋሪው ቶሎ ቶሎ ይውጣ፣ ካልወጣ ሬዚኑ ይግልና ፑንታው ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ሽታው ደሞ ራስ ያዞራል፣ ማስክ አድርጉ። በሁለቱ ጣቶች ቀዳዳ መሀል ቢያንስ 6 ሚሊ ይቅር፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ሁሌም በቀጭን ፑንታ ጀምሩ፣ ማስፋት ይቻላል ማጥበብ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አንዴ የአንዱን አውራ ጣት ግማሽ ላይ ደርሼ መብራት ጠፋ። ፑንታው ውስጡ ነው። ረዳቴ ኳሱን ፈቶ ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ ጮህኩበት፣ ከተፈታ ያንን መሀል በድጋሚ ማግኘት የለም። ሻይ አዘን ጠበቅን፣ ሦስት ሰአት ተኩል። ሌላ ጊዜ ደሞ የተበላሸ ቀዳዳ በመኪና ስቱኮ ሞላሁ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ ሦስተኛው ውርወራ ላይ ተፈረካከሰ፣ የኳሱን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ለዚ ስራ የተሰራ መሙያ ሬዚን አለ፣ እሱን ካላገኛችሁ አትንኩት።

የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ አራተኛ ቀዳዳ ብሳልን የምትሉም አላችሁ። ማመጣጠኛ ቀዳዳው በዩኤስቢሲ (የአሜሪካ የቦውሊንግ ኮንግረስ) ህግ ከኦገስት 2020 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ጣት የማይገባበት ቀዳዳ አይፈቀድም። እንደ አውስትራሊያዊው ቦውለር ጄሰን ቤልሞንቴ በሁለት እጅ አውራ ጣት ሳታስገቡ የምትወረውሩ ከሆነም የአውራ ጣት ቀዳዳ አታስበሱ።

ከተበሳ በኋላ የቀዳዳው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ነው የሚለሰልሰው፣ እሱ ላይ አትቸኩሉ። አውራ ጣት ስትጫወቱ ያብጣል ይቀንሳል፣ ስለዚ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ብሎ ይበሳና ውስጡ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ሲያብጥ አንዱን ትልጣላችሁ። ኳሱን ፀሀይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ስትጨርሱም ዘይቱን በጨርቅ ጥረጉት።

ያ ልጅ ኳሱን ትቶልኝ ሄደ፣ መሙያው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። የድሮውን ቀዳዳ ሞልተን፣ አድሮ፣ በእሱ እጅ ልክ በሳነው፣ 8 ሚሊውን ቀንሰን። 5 ጌም ተጫውተህ ተመለስ አልኩት። ተመለሰ፣ ጣቱ ድኗል፣ ግን መሀል ጣቱ ጋ ጠርዙ ይበላኛል አለ፣ ቁጭ ብለን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸነው።