ፀሐይ ጠለቀች ብለው ካሜራዎን አይክተቱ፦ ተራራ ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም አብልጦ የሚያበሽቀኝ ጀንበር እንደጠለቀች ዕቃ መሸከፍ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከነጓዙ ዳገት ሲወጣ ውሏል፤ ብርድ ላይ ቆሞ ጠብቋል። የመጨረሻዋ ጨረር ስትጠፋ ግን የሌንሱን ክዳን ይገጥማል፣ የትራይፖዱን እግሮች ይሰበስባል፣ ለሰማዩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ድንኳኑ ይወርዳል። ኧረ ወዴት? ፀሐይ ከእኛ ብትሰወርም ከፍ ያሉትን ደመናዎች ገና ከሥራቸው ታበራቸዋለች። ብርሃኑ አየሩን በረጅሙ አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ቀዩ ይቀራል። አመድ መስሎ የነበረው ደመና ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ድንገት የሚቀላው ለዚህ ነው። ወደ ምሥራቅ ዞር ቢሉ ደግሞ የምድር ጥላ ከአድማሱ ሲነሣ ያያሉ፤ ከታች ጠቆር ያለ ሰማያዊ መቀነት፣ ከበላዩ ሮዝ። በረዶ የለበሰ ጫፍ ያንን ሮዝ ይቀበለዋል። ምዕራቡ በወፍራም ደመና ካልተዘጋ በቀር ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። እራት ቢዘገይ ምን ይሆናል?

የስልክ መተግበሪያ የሚነግርዎት የመጥለቂያ ሰዓት ሜዳማ አድማስን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሸለቆ ውስጥ ከሆኑ ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ የምትገባው ከዚያ በጣም ቀድማ ነው። የሚያድሩበት ሰፈር እንደደረሱ መጀመሪያ ድንኳን አይትከሉ፤ ቦርሳዎን አስቀምጠው የትኛው ገጽታ የጠዋቱን፣ የትኛው የማታውን ብርሃን እንደሚያገኝ ይቃኙ።

ካሜራን ቦርሳ ውስጥ ከመኝታ ከረጢት ሥር መቅበርም ያው ስህተት ነው። ደመና ተሰንጥቆ ብርሃን አንዱን ጉብታ ብቻ ሲመታው የቦርሳ ማሰሪያ እስኪፈታ አይጠብቅም። ደረትዎ ላይ ይንጠልጠል።

ሰፊ ሌንስ ሁሉን ያስገባል፤ ያ ግዙፍ ተራራ ግን ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ክብደት ለመቀነስ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄደውን ሌንስ ቤት ትተው የሚመጡ ብዙ ናቸው። አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እኔ የምተወው ሰፊውን ነው። በሰፊ ሌንስ ላይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ ቀንሶ ሰማዩን የሚያጠቁር ማጣሪያ) መግጠም ደግሞ የሰማዩን አንድ ጎን አጥቁሮ ሌላውን አንጥቶ ይተወዋል።

በምሽት የካሜራው ስክሪን ከእውነታው ይልቅ ደማቅ መስሎ ይታያል፤ እርሱን አይመኑ፣ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን የጨለማና የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ ይመኑ። በተለይ የቀዩን ቀለም መስመር ለብቻው ይመልከቱ፤ በጀንበር መጥለቂያ አስቀድሞ የሚቃጠለው፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ የሚጠፋው እርሱ ነው። ከተቃጠለ ዝርዝሩ በኮምፒውተር አይመለስም፤ በራው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ውስጥ ያለ ጥላ ግን በኋላ ሊበራ ይችላል። የነጭ ሚዛኑን (ካሜራው ቀለማትን የሚያርምበትን ቅንብር) አውቶማቲክ ላይ አይተዉት፤ ይህን ሁሉ ርቀት የተጓዙለትን ቀይ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያርምልዎት ይችላል። የቀን ብርሃን ላይ ያድርጉት።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ከልብስዎ ውስጥ፣ ሌሊት ደግሞ ከመኝታ ከረጢትዎ ጋር ያኑሩት። ደከመ ብለው የተዉትን ሲያሞቁት መልሶ ሊሠራ ይችላል። የቀዘቀዘ ካሜራ ወደ ሞቃት ክፍል ሲያስገቡ አስቀድመው በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ይዝጉት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላይ ላብ ይቋጥራል።

ማዕበል ሲያልፍ የሚመጣውን ብርሃን የሚተካከለው የለም። ሆኖም ነጎድጓድ እየሰሙ ሸንተረር ላይ ትራይፖድ ዘርግቶ መቆም ድፍረት አይባልም። ይውረዱ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቀው ይመለሱ። የሚመለሱበትንም መንገድ በቀን አንድ ጊዜ ይሂዱበት፣ ለግንባር መብራትዎም ትርፍ ባትሪ ይያዙ።