ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በአማርኛ ስንጽፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አራት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ እንገናኛለን። አንዳችን የጻፈውን ሌሎቻችን እናነባለን። ድሮ ፒያሳ ነበርን። የምንቀመጥባት ቡና ቤት በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ስትፈርስ ወደ አራት ኪሎ ወጣን። ማኪያቶው ይወደዳል። ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ግን ጆሮ ጠቢ የላትም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የምትወድባቸው ታሪኮች ይመጡልናል። ጥሩ የሆኑ አሉ። ያልሆኑት ላይ ተመሳሳይ ስህተቶች ይደጋገማሉ። የእኔም አለበት። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

በሌላ አገር ሳሎን ውስጥ መጻፍ

ልጁ እራት ላይ ሹካውን ያስቀምጣል። "እማዬ፣ አባዬ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ" ይላል። እናት ታለቅሳለች። አባት በሩን ወርውሮት ይወጣል። ከሦስት ገጽ በኋላ ይተቃቀፋሉ።

ገና ሹካዋን ሳይ ነቃሁ። ይሄ ከፊልም የመጣ ሳሎን ነው። እኛ ቤት ትልቅ ነገር እንዲህ ተሰብስቦ አይነገርም። እናት ካወቀች ከርማለች፤ የምትለው ግን "ያቺ የመሥሪያ ቤትህ ልጅ ደህና ናት?" ነው። ቀጥሎ የነፍስ አባት "እንዲሁ ልጠይቃችሁ ብዬ" ብለው ብቅ ይላሉ። ቀጥሎ ሰባት ቀን ጸበል ይታሰባል። ልጁ እንጦጦ ማርያም ሰባት ቀን ይመላለሳል፣ የሄደበትን ምክንያት ግን ከቤተሰቡ አንድም ሰው በስሙ አይጠራውም። ጸሐፊው መግባት ያለበት እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ከዚሁ ሳሎን የሚመጣ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ። "ሁለቱ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ አፈጠጠባቸው።" የት? ቸርችል ጎዳና ላይ? እስቲ ከፖስታ ቤት ተነስታችሁ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ውጡ። ትንሿን ጣት ከትንሿ ጣት ያቆላለፉ ጎረምሶች፣ አንገት ለአንገት የተቃቀፉ የታክሲ ረዳቶች ታያላችሁ። ማንም ዞሮ አያያቸውም። ወንድ ወንድን ያጎርሳል፣ አንድ አልጋ ላይ ያድራል፣ ደባል ሆኖ ይኖራል። ወንድና ሴት ቤት ሊከራዩ ሲመጡ የጋብቻ ወረቀት የምትጠይቀው አከራይ፣ ሁለት ወንዶች ሲመጡ "ጨዋ ልጆች ይመስላሉ" ብላ ቁልፉን ትሰጣለች።

ታዲያ ፍርሃቱ የት ነው? አንዷ ጓደኛችን ባመጣችው ረቂቅ ላይ ሁለት የሰፈር ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። አንድ ሌሊት በመካከላቸው ነገር ይፈጠራል። ከዚያች ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ እጅ መያያዝ ያቆማሉ። ባለ ሱቁ "ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?" ይላቸዋል። ጨርሳ ስታነብልን ማኪያቷችን ቀዝቅዞ ነበር። ይህን ታሪክ ከየትም መገልበጥ አይቻልም። የዚህ ከተማ ብቻ ነው።

ግሱን መርሳት

አማርኛ ምስጢር መደበቅ አያውቅበትም። ወይ "ደወለ" ነው ወይ "ደወለች"፣ መሃል የለውም። በእንግሊዝኛ እያሰበ የሚጽፍ ሰው ይህን ይረሳል። ገጸ ባሕርዩን ቢሮ አስቀምጦ "ፍቅረኛዬ ታሞ አደረ" ያሰኘዋል። በቃ፣ በአንዲት "ታሞ" ልጁ አለቀለት። "ታማ" ካለ ደግሞ ዋሸ፤ ውሸቱን ነገም መቀጠል አለበት፣ ስም ሊያወጣላት ነው፣ ልደቷን ሊያስታውስ ነው።

በእውኑ ዓለም ሰው እንዴት ያመልጣል? "ቤት ሰው ታሞብኝ ነው" ይላል። ሰው የሚለው ቃል ለማንም "ታሞ" ስለሚባል ማንም አይጠረጥርም። "እንግዳ መጥተውብኝ" ይላል፤ አንቱታ ጾታ የለውም። "ጓደኛዬ" ይላል። ይህች ቃል በአማርኛ አብሮ ኳስ የሚያየውም ናት፣ የከንፈር ወዳጅም ናት። ወንድ ስለ ወንድ ሲናገራት ሰሚው የሚወስደው የመጀመሪያውን ነው። ሴቷም "ጓደኛዬ እኔ ጋ ታድራለች" ብትል ማን ልብ ይላል? እነዚህን መሸሸጊያዎች የማያውቅ ገጸ ባሕርይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሳምንት አይኖርም።

"አንቺ"ም አለች። እናት ወንድ ልጇን "ነይ እስቲ አንቺ፣ ብይ" ስትለው ማቆላመጥ ነው። ጎረምሳ ጎረምሳን መንገድ ላይ "አንቺ" ቢለው ቡጢ ያስነሳል። ሁለት የሚዋደዱ ወንዶች በራቸውን ዘግተው "አንቺ" ሲባባሉ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ጨዋታም ነው፣ ዕረፍትም ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህችን ቃል አንባቢን ለማሳቅ ብቻ ያባክኗታል። እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ "አንተ" ሲባል የዋለው ሰው ማታ በሩን ሲዘጋ የመጀመሪያ ቃሉ አደርጋት ነበር።

ቃሉን ሳይመዝኑ መጻፍ

"ግብረ ሰዶም" የሕጉና የስብከቱ ቃል ነው። ተራኪው "ግብረ ሰዶማዊው ዳዊት ቡናውን አማሰለ" ካለ፣ ዳዊት ቡናውን ሳይጠጣ ተፈርዶበታል። "ቡሽቲ" ስድብ ነው። ሰዳቢው ገጸ ባሕርይ ይበለው፤ ከተማው ይለዋልና። ተራኪው ግን አይበለው።

"የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ" ጨዋ አጠራር ነው፤ ለመጣጥፍ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የስብሰባ ቃል ነው። ሰው ትራሱን ተደግፎ "እኔ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነኝ" ብሎ አያስብም። "ጌይ" የሚለው ብዙ አፍ ላይ ገብቷል። ወንዶቹ እርስ በርስ "ዜጋ" ይባባላሉ። ተራ ቃል ነው፤ ዜግነት፣ የዜጎች መብት የምንልበት። አገሬው የነፈጋቸውን ቃል ለራሳቸው ስም አደረጉት። ደስ ይለኛል፣ ግን በየገጹ እንደ ሚጥሚጣ መነስነስ "አውቃቸዋለሁ" ብሎ መኩራራት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ስም አያስፈልግም። ዳዊት ሳሙኤልን ይወደዋል። አንባቢው ይገባዋል።

ምክንያት ማደን

ዳዊት ለምን ወንድ ወደደ? ግማሹ ረቂቅ ላይ መልሱ "ልጅ ሆኖ ተደፍሮ ነው" ይላል። እኔ አሁን እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሴት ለወደደው ገጸ ባሕርያችሁ ምክንያት ጽፋችሁለት ታውቃላችሁ?

ይህ የአጻጻፍ ድክመት ብቻ አይደለም። ሕፃን መድፈርንና የሁለት አዋቂዎችን ፍቅር አንድ ላይ ያስራል። ከተማው ውስጥ የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ቋጠሮ ላይ ነው። የወንጀል ሕጋችን እንኳ በአንድ አንቀጽ አላስቀመጣቸውም፤ የአዋቂዎቹ አንቀጽ 629 ነው፣ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመው 631። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀር ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። መንስኤ እየፈለጋችሁ የሐኪም ካርድ አትሙሉ።

ሕጉን ከወሬ መቅዳት

አንድ ረቂቅ ላይ ዳኛው ልደታ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሞት ይፈርዳል። ጸሐፊው የሰማው የኡጋንዳን ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሕግ "ከባድ" ላላቸው ሁኔታዎች የሞት ቅጣት አስገብቷል። የእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚለው ቀላል እስራት ነው። አንቀጽ 630 ማስገደድ፣ የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግና የመሳሰሉት ሲጨመሩበት ቅጣቱን እስከ ጽኑ እስራት ያከብደዋል። ታሪካችሁ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ከሆነ ደግሞ 629 ብላችሁ አትጻፉ። ያኔ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ነው።

ያን የ1949ኙን ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ነበር። የራሱ አገር በአዋቂዎች መካከል የሚደረገውን እ.ኤ.አ. በ1942 ከወንጀልነት አውጥታ ነበር። "ይሄ ነገር ከነጮች የመጣ ነው" የሚል ገጸ ባሕርይ ካላችሁ ይህን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊቱ ብታስቀምጡ ጥሩ ጭቅጭቅ ይወጣችኋል። ግን አታጋንኑት። የሃይማኖቱ ክልከላ ከግራቨን ብዕር በፊትም ነበረ።

ደግሞም ገጸ ባሕርዩ ማታ ማታ የሚያስበው ዳኛውን አይደለም። አከራዩን፣ አለቃውን፣ ስልኩን የሚያስጠግንበትን ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የከተማው የሰላምና ፀጥታ ቢሮ ጥቆማ እየተቀበለ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በሚባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታውቆ ነበር። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ ከነስሙ ይለጠፍ ነበር። የዚያ ነሐሴ ዝናብ ውስጥ ስልኩን አጥፍቶ የተቀመጠ ሰው ያለበትን ታሪክ እስካሁን አላነበብኩም። ጻፉት።

ገጸ ባሕርይን ማይክሮፎን ማድረግ

ስለ መብት የሚነሳው ሙግት እውነተኛ ነው፣ ተዉት አልልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ "በሌላ አቋም" ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም እኩል ነው ይላል። ያቺ "ሌላ አቋም" እነማንን ትይዛለች? አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቀጽ 34 ደግሞ ጋብቻን በወንዶችና በሴቶች ይጀምራል። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤቱን ከሜክሲኮ አደባባይ ወረድ ብሎ አቁሟል፤ የዚያው ኅብረት የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ሉዋንዳ ላይ ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 275 በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ይቁም ብሏል። የደቡብ አፍሪካ የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በጾታዊ ዝንባሌ የሚደረግ መድልዎን በስም ከልክሏል። የቦትስዋና ፍርድ ቤት ክልከላውን በ2019 ሻረው፤ ይግባኙም በ2021 ያንኑ አጸና። እነዚህም እ.ኤ.አ. ናቸው።

ይህን ሁሉ ግን ሳሙኤል አልጋ ላይ ሆኖ ለዳዊት አይነግረውም። የስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ካልሆነ በቀር። እነሱ አልጋ ላይም አንቀጽ ይጠቅሳሉ፣ አይቻለሁ።

መከራከሪያውን ወደ ነገር ለውጡት። አንቀጽ 26ን መጥቀስ የፈለገ አንድ ጸሐፊ አከራይዋ ሰዎቹ በሌሉበት በሌላ ቁልፍ ቤታቸውን ስትከፍት አሳየን። ሁለት ትራስ አየች። አንደኛውን አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ማታ ሲመጡ ምንም አላለችም፣ ትራሱ ግን ወንበር ላይ ነው። ይህ ከአሥር ገጽ ንግግር ይበልጥብኛል።

ተቃዋሚውንም ካርቱን አታድርጉት። የነፍስ አባት ሁሉ ጨካኝ፣ እናት ሁሉ እርግማን የምታወርድ ስትሆን አንባቢ ይተዋችኋል። እኔ የማውቃቸው እናቶች ከእርግማን ይልቅ ስለት ይቀናቸዋል።

ሞትን እንደ መውጫ በር መጠቀም

ሁሉም ይሞታሉ። ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ይታመማል፣ ወይ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ይሄም ለአንባቢው ያው ሞት ነው። የሚቀሩት አሉ። ማክሰኞ ከሥራ ወጥተው ጉልት ሽንኩርት የሚገዙ። ስለ እነሱ ጻፉ።

ሴቶቹን መርሳት

ከመጡልን ረቂቆች ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው ስለ ሴቶች። በአንደኛው ሁለቱ ሴቶች ያሉት ወንድ አንባቢ እንዲያያቸው ነው። ሌላኛው ላይ አንዷ ሽማግሌ ተልኮባታል፣ ሌላኛዋ ሚዜ ልትሆን ነው። የቀሚሷን ልክ ለማስወሰድ አብራት ትሄዳለች። ይሄኛው እንዲያልቅ እየጠበቅን ነው።

ስም ቀይሮ ጨረስኩ ማለት

ይሄ የእኔ ነው። የማውቀው አንድ ባለሙያ አለ። ሙያውን አልነግራችሁም፣ ሰፈሩንም። ሥራ ላይ ሆኖ የሚያደርጋት አንዲት ልማድ አለችው፤ ደስ ትለኝ ነበር። ታሪክ ስጽፍ ሰውየውን እንዳለ አነሳሁት። ሙያውን፣ ልማዱን፣ የእጁን ጠባሳ። ስሙን ብቻ ቀየርኩ። ከዚያ ወንድ የሚወድ አደረግሁት። ይወድ አይወድ አላውቅም። የፈጠርኩለት እኔ ነኝ።

ለሦስቱ የቡና ቤት ጓደኞቼ ብቻ ነበር የሰጠሁት። አንዱ ወደደውና "ይህን አንብብ" ብሎ ለአንድ ጓደኛው በቴሌግራም ላከው። በሳምንቱ ቡና ቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው "ያ የእነ እገሌ ሠፈር ሰውዬ እኮ ነው" ሲል ሰማሁ። እየሳቀ ነበር። ከወገቤ በታች በረደኝ። ነሐሴ 2015 ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ጽሑፉን እንዲያጠፉት ለመንኩ። አጠፋነው አሉ። ምን ዋስትና አለ? አሁን ስጽፍ ሰው የሚታወቅባቸውን ነገሮች ቆጥሬ እበትናለሁ። ጠባሳው ለአንዱ፣ ልማዱ ለሌላው፣ ሰፈሩ ለማንም። ሙያውንም አዲስ አበባ ውስጥ ሺህ ሰው የሚሠራው አደርገዋለሁ። ፈቃድ ሰጥቶ ታሪኩን የነገረኝ ሰው ካለ ረቂቁን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው፣ ከአፌ። ፋይል አልክም።

ሰውየው ዘንድ ለወራት ሳልሄድ ቆየሁ። አፈርኩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጠምን። እንደ ሁልጊዜው ትከሻዬን አቀፈኝና እጄን ሳይለቅ "ጠፋህ እኮ! ተጣላን እንዴ?" አለኝ።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኩት።